ከልካዩ ያቆየልን ሰርግ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሰርግ ነው፤ ግን ስለ ሙሽሮች ሳይሆን ስለ ቆጣሪዎች። ስንት ሰው ተጠራ፣ ስንት ዓይነት ምግብ ቀረበ፣ ሙዚቀኛው በስንት ሰዓት ዝም አለ እያለ የሹም ዓይን ድግስ ቤት ገብቶ የሚቆጥርበት ዘመንና አገር ነበር። አገሩ የባልቲክ ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ ዛሬ ኢስቶኒያና ላትቪያ የምንላቸው። ዘመኑ ከ1500 እስከ 1800 ግድም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ፣ ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በሚጫወትበት ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል አለች። ሕንፃው የታላቁ ጊልድ፣ ማለት የታላቁ የነጋዴዎች ማኅበር፣ ቤት ይባላል። አሁን የሚታየው መልኩ የ1850ዎቹ ነው፤ ክፍሏ ግን የ1521 ናት። ስሟ የሙሽሪት ክፍል ነው። የማኅበሩ አባል ልጁን ሲድር ድግሱ በአዳራሹ ይደረግና አዲሶቹ ባልና ሚስት የመጀመሪያ ሌሊታቸውን እዚያች ክፍል ያድሩ ነበር። ቤቱ የነጋዴዎች ማኅበር ቤት መሆኑን አትርሱ። ስለ ጨውና ስለ ተልባ ዋጋ በሚከራከሩበት ጣሪያ ሥር የጫጉላ አልጋ ተነጥፏል ማለት ነው። እኔ ስለዚህ ክፍል መጀመሪያ ሳነብ የሳቅሁት በዚህ ነው። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ግን አልጋው ቦታውን እንዳልሳተ አየሁ።

ምክንያቱን ለመናገር ስለ አገሩ ጥቂት ማለት አለብኝ። ሪጋን በ1201 የቆረቆሯት ከጀርመን አገር የመጡ ጳጳስና ተከታዮቹ ናቸው። ዛሬ ታሊን የምትባለውን፣ በዚያ ዘመን ሬቫል የተባለችውን ከተማ ዴንማርኮች በ1219 ያዟት፤ በ1346 ደግሞ ለጀርመኖቹ የመስቀል ጦር ማኅበር ሸጧት። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጌታ መለዋወጥ ነው። ሬቫል በ1561 ለስዊድን ገባች፤ ሪጋ መጀመሪያ ለፖላንድ፣ በ1621 ለስዊድን፤ በ1710 ሁለቱም ለሩሲያው ለታላቁ ጴጥሮስ እጃቸውን ሰጡ። ንጉሡ ይለዋወጥ እንጂ በከተማው ምክር ቤት የሚቀመጠው ነጋዴና በገጠሩ መሬት የያዘው መኳንንት ጀርመንኛ ተናጋሪ ሆኖ ኖረ። የአገሬው ሰው፣ ኢስቶኒያዊውና ላትቪያዊው፣ በጽሑፍ የሚጠራበት አንድ የወል ስም ነበረው፦ ኡንዶይች፣ ጀርመን ያልሆነ። ሰውን በሆነው ሳይሆን ባልሆነው የሚጠራ ስም ነው። ስለ ሰርጉ ሕግ ስንነጋገር ይህ ስም ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ አልጋው ልመለስ። በሪጋና በሬቫል ያላገቡ ነጋዴዎችና እንግዳ ነጋዴዎች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ የጥቁር ራሶች ወንድማማችነት ይባላል። ጠባቂ ቅዱሳቸው ማውሪትዩስ በጥቁር ሰው አምሳል ስለሚሣል ስሙ ከዚያ መጣ ይላሉ። ወጣቱ ነጋዴ ሲያገባ ከጥቁር ራሶች ይወጣና ወደ ታላቁ ጊልድ ይሻገራል። ከታላቁ ጊልድ ደግሞ የምክር ቤቱ ሰዎች ይመረጣሉ። በእጅ ሙያተኞቹ ማኅበርም ነገሩ ያው ነው፤ ባለ ሱቅ ባለሙያ ለመባል ሚስት ማግባት ግድ ነበር። ስለዚህ ሰርግ የሁለት ቤተሰብ ደስታ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ከጎረምሳነት ወደ ከተማ ሰውነት፣ ድምፅ ወደሚሰማበት ወንበር የሚሻገርበት ቀን ነው። ሙሽራው የሚሻገረው በሕዝብ ፊት ነው፤ ምን ያህል ሰው እንደመሰከረለት፣ ምን እንዳበላና እንዳጠጣ ከተማው ሁሉ ያያል፣ ያስታውሳል። ምክር ቤቱም እጁን በድግሱ ውስጥ የከተተው ጣልቃ ገብነት መስሎት አይደለም። የራሱ ጉዳይ ነበር።

የከተሞቹ ቋንቋ ታችኛው ጀርመንኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ ሰርግ ኮስት ይባላል፤ ቃሉ ግብዣ፣ ምግብ ማለትም ነው። ሰርግ ማለት ማብላት ነው፤ ይህ ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ደንቡ ለሕዝብ የሚደርስበት መንገድም የሚያስደስት ነው። ቡርሽፕራኬ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ለከተማ ሰዎች የሚደረግ ንግግር ማለት ነው። በየዓመቱ በተወሰነ ቀን ሕዝቡ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ይሰበሰብና ደንቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃል ይነበብለታል። እሳት እንዴት ይጠበቅ፣ ቆሻሻ የት ይጣል፣ ሚዛን እንዴት ይስተካከል፣ ከዚያ መካከል ሰርግ እንዴት ይደገስ። ቆሻሻና ሰርግ በአንድ ትንፋሽ። የኋላ ኋላ ማተሚያ ሲስፋፋ የሰርግ፣ የክርስትና፣ የቀብርና የልብስ ደንብ ራሱን የቻለ መጽሐፍ እየሆነ ታተመ። ይህን የሚያደርጉት እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ በ1530 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ያወጣው ትልቅ የሥርዓት ሕግ ልብስን በየማዕረጉ ይደለድላል፤ የስዊድን ዘውድም በ1664 ስለ ማጨት፣ ስለ ግብዣ፣ ስለ ክርስትናና ስለ ቀብር ትርፍ ነገር የሚከለክል አዋጅ አውጥቷል። ጀርመኖቹ ይህን ዓይነቱን ሥርዓት ፖሊሳይ ይሉት ነበር። ዛሬ ፖሊስ ስንል ዱላ የያዘ ሰው ይታየናል፤ ያን ጊዜ ቃሉ የተደላደለ የከተማ ኑሮ ማለት ነበር፤ የሰርግ ገበታ መጠንም በዚያ ውስጥ ነው።

ምን ይከለክላሉ? መጀመሪያ የሰውን ቁጥር። የድሮዎቹ ደንቦች፣ በተለይ በታችኛው ጀርመንኛ ተናጋሪ ከተሞች፣ እንግዳን በራስ አይቆጥሩም፤ በሳህን ነው የሚቆጥሩት። አንድ ሳህን ለሁለት ሰው ነው፤ ይህን ያህል ሳህን ተፈቅዶልሃል ከተባለ እጥፉን ሰው መጥራት ትችላለህ ማለት ነው። ከአንድ ገበታ መብላትን ለሚያውቅ አድማጭ ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይሆንበትም። ቀጥሎ የምግቡን ዓይነት ብዛት፣ ወይን ይቀርብ ወይስ ቢራ፣ ጣፋጩ ምን ይሁን። ቀጥሎ ሰዓቱን፦ ሰልፉ መቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይነሣ፣ ምሳው መቼ ይጀምር፣ ጭፈራው መቼ ያብቃ። ከዚያ የሙዚቀኞቹን ቁጥርና የሚከፈላቸውን ዋጋ። ሙሽራው ለሙሽሪት፣ ሙሽሪት ለአማቶቿ የሚሰጣጡትን ስጦታ። ከሰርጉ በፊት ያለውን ማታና ከሰርጉ ማግስት ያለውን ግብዣ፤ ምክንያቱም ዋናው ቀን ሲገደብ ድግሱ ወደ ዋዜማና ወደ ማግስት ይፈስሳል። ሙሽሪት ከሰርጉ በፊት ከሴት ጓደኞቿ ጋር ገላዋን የምትታጠብበት ወግ ነበር፤ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ግብዣ አለ፤ ያም ደንብ ወጣለት። ያልተጠራ ሰውና ልጆችን ይዞ መምጣትም በደንቡ ውስጥ አለ። ከድግሱ ምግብ ተጠቅልሎ ወደ ቤት መሄዱም አለ። ይህን የመጨረሻውን ሳነብ የእናቴን ጓደኞች አየኋቸው። ከየትኛውም አገር ድግስ እጁን እያወዛወዘ የሚወጣ ሰው የለም ማለት ነው።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ገደብ የለበትም። ዋናው ነገር ይህ ነው። ደንቡ ከተማውን በደረጃ ይከፍላል፦ የምክር ቤት ሰዎችና የታላቁ ጊልድ ነጋዴዎች ላይ፣ የትንሹ ጊልድ ሙያተኞች ከዚያ በታች፣ ሎሌና ተሸካሚ ከዚያም በታች፣ ጀርመን ያልሆነው መጨረሻ። ሪጋ ውስጥ ቢራ የሚሸከሙት፣ ጨው የሚያወርዱት፣ ዕቃ ከመርከብ የሚያራግፉት በአብዛኛው ላትቪያውያን ነበሩ። የራሳቸው ማኅበርና የራሳቸው ግብዣ ነበራቸው፤ የቢራ ተሸካሚዎቹ ማኅበር ደንብ ከ1386 ጀምሮ ይታወቃል። የከተማውን ቢራ በትከሻው የሚያመላልሰው ሰው በራሱ ሰርግ ላይ ስንት በርሜል እንደሚከፍት ግን የሚወስንለት ሌላ ነው። እንግዲህ ሕጉ ትርፍን ጠላ ብቻ ብንል አንደርስበትም። ያው ሳህን ለአንዱ ተገቢ፣ ለሌላው ትርፍ ነው። ሕጉ የጠላው ሰው ከሳህኑ በላይ ሲታይ ነው። በመንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው የሙዚቃውን ድምፅ ሰምቶ፣ የሙሽሪትን ቀሚስ አይቶ፣ ይህ የእገሌ ደረጃ ሰው ሰርግ ነው ብሎ ሳይጠይቅ ማወቅ አለበት። የዕቃ ተሸካሚ ልጅ እንደ ነጋዴ ልጅ ከተዳረች ያ ንባብ ይበላሻል።

ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው ይህን እንዲህ አፍ አውጥተው አይሉም። ሁለት ሌሎች ምክንያቶች ይሰጣሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። አንዱ ዕዳ ነው። ወጣት ነጋዴ ወደ ሥራ ሊያስገባው የሚገባውን ገንዘብ በአንድ ሳምንት በልቶ አብልቶ ይጨርስና ትዳሩን በብድር ይጀምራል። ይህን ለማስረዳት ወደ ባልቲክ መሄድ አያስፈልገኝም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሰርጉን ብድር ከልጁ ሁለተኛ ልደት በኋላ የጨረሰ ሰው እንዳለ እገምታለሁ፤ እጅ አውጡ አልልም።

ሁለተኛው የእግዚአብሔር ቁጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፦ ባልታዛር ሩሶ። በሬቫል የመንፈስ ቅዱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተራን ቄስ ነበር። ያ ቤተ ክርስቲያን የኢስቶኒያውያኑ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አባቱም በከተማዋ ጋሪ ነጂ ነበር ይባላል። ሊቮኒያ ያን ጊዜ አገሩ የሚጠራበት ስም ነው፤ ሩሶ የሊቮኒያን ታሪክ ጽፎ በ1578 ጀርመን አገር ሮስቶክ ላይ አሳተመ። በዚያ ጊዜ አገሩ በሩሲያው ኢቫን አስፈሪው ወረራ ከ1558 ጀምሮ እየነደደ ነበር። ሩሶ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ሁሉ መዓት ለምን መጣብን? መልሱም ቀላል ነበር፤ ስለጠገብን። ከጦርነቱ በፊት ሊቮኒያ እጅግ የተመቸች አገር ስለነበረች ሰዎች በጀርመንኛ ስሟ በሊፍላንድ ላይ እየተጫወቱ ብሊፍላንድ ይሏት ነበር፤ መጥተህ እዚያው የምትቀመጥባት አገር እንደ ማለት። ሩሶ ታዲያ ጥጋቡን ሲያሳይ የሚያመጣው ምስክር ሰርግ ነው፤ ሰርግና ክርስትና። የመኳንንቱን ሰርግ ሲገልጽ ብዕሩ አይቆምም። የተጫነውን ፈረስ፣ መለከቱን፣ የሙሽሪትን ጌጥ፣ እስኪወድቁ የሚጠጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። መኳንንቱ ለሰርጋቸው ወደ ከተማ እየመጡ የጊልዱን አዳራሽ ይይዙ ነበር። በታሊን ያለው የታላቁ ጊልድ አዳራሽ በ1410 የተሠራ ነው፤ ዛሬ የኢስቶኒያ የታሪክ ሙዚየም ነው፤ ገብታችሁ ጣሪያውን ማየት ትችላላችሁ።

የሩሶን ገጾች ሳነብ አንድ ነገር ያስቀኛል። ሰውየው እያወገዘ ነው፤ ግን ምራቁ እየሞላ ነው የሚያወግዘው። ያን ሁሉ ዝርዝር በደንብ ያላየ ሰው አይጽፈውም። ቄስ ከሰርግ አይቀርም፤ እሱም ተጠርቶ በልቷል፤ ጠጥቷልም ብል አላጋንንም። በልቶ ያወገዘውን ድግስ ነው ዛሬ እኔና እናንተ የምናውቀው። ደስ ብሎት በልቶ፣ ደስ ብሎት ጨፍሮ ወደ ቤቱ የሄደው እንግዳ አንድ ቃል አልጻፈልንም። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ከዚህች ነገር ላይ ነው የሚሽከረከረው፤ ስለዚያ ዘመን ሰርግ የምናውቀውን አብዛኛውን የነገረን የከለከለው ሰው ነው። አንድ ደንብ ሙዚቀኛ ከዚህ በላይ አይብዛ ሲል ይበዛ እንደነበር እናውቃለን። ለማግስት ቁርስ ሰው አይጠራ ሲል ይጠራ እንደነበር እናውቃለን። ደንቡ ሲደጋገም፣ አንዱ ምክር ቤት ያወጣውን ተከታዩ ምክር ቤት በበለጠ ቁጣ ሲያወጣው፣ አለመከበሩን እናውቃለን።

የሚያመልጡበት መንገድ ብዙ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳና ቄስ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ እንግዲህ በሰርግ ሰሞን የሩቅ ዘመድ ይበዛል። ድግሱን በሁለት ቤት መክፈል ይቻላል። ምሳ የተባለውን ቁርስ ብሎ መጥራት ይቻላል። ሹሞቹም ይህን ስለሚያውቁ ወጥ ሠሪውንና ሙዚቀኛውን ተጠያቂ ማድረግ ጀመሩ፤ በአንዳንድ ከተሞች ሙሽራው ከሰርጉ በኋላ ከሹም ፊት ቀርቦ ከገደቡ አላለፍሁም ብሎ ይምላል። የጫጉላው ሳምንት ሳያልቅ መሐላ! የማለም፣ ቅጣት የከፈለም አለ። ሀብታም ሰው ግን ቅጣቱን ከድግሱ ወጪ እንደ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ከወይኑ፣ ከሥጋው፣ ከሙዚቀኛው ቀጥሎ ቅጣት። እንዲያውም መቀጣት ራሱ ስም ነው። እገሌ እስኪቀጣ ደገሰ ይባላል። ደግሞ ቀጪው ማን ነው? የምክር ቤት ሰው። የት ነበር? ከላይኛው ገበታ ተቀምጦ ነበር።

እስካሁን ከከተማ አልወጣንም። አሁን ወደ ገጠር እንውጣ፤ እዚያ ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

ገጠር ያለው ኢስቶኒያዊና ላትቪያዊ ገባር ነበር፤ ከመሬቱ ጋር የታሰረ፣ በሳምንት የተቆጠሩ ቀናት የጌታውን እርሻ የሚሠራ፣ ሴት ልጁ ወደ ሌላ ጌታ ርስት እንድትዳር ፈቃድ የሚጠይቅ። ያኔ አገሩ በክፍለ ሀገር ተከፍሎ ነበር፤ ይህ ገባርነት በሕግ የተሻረው በሰሜኑ በኢስቶኒያ በ1816፣ በላትቪያ ምዕራብ ባለው በኩርላንድ በ1817፣ በመካከላቸው ባለውና የሊቮኒያ ስም በቀረለት ክፍል በ1819 ነው። የገባር ሰርግ የሚሆነው አዝመራ ከገባ በኋላ፣ መፀው ሲያልቅና በረዶው ሲጀምር ነው። ገብሱ ተወቅቷል፤ ቢራው በየቤቱ ይጠመቃል፤ ከእኛ ጠላ ብዙ አይርቅም። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚባል ነገር የለም፤ ዝግጅቱ ልጅቷ ገና ሕፃን ሳለች ይጀምራል። እጇ መርፌ ከያዘበት ቀን ጀምሮ ጓንት ትሠራለች፣ መቀነት ትሸምናለች፣ በሣጥን ታጠራቅማለች። ላትቪያውያን ሣጥኑን ፑርስ ይሉታል። በሰርጓ ቀን ያን ሁሉ ታከፋፍላለች። ለአማት ጓንት፣ ለባል ወንድም መቀነት፣ ለነጂው፣ ለሚዜው። በአዲሱ ቤቷ ስትዞር ደግሞ ለጉድጓዱ፣ ለከብቱ በረት፣ ለእህሉ ጎተራ ሳይቀር ታኖርለታለች። በዓመታት የተሠራ የእጅ ሥራ በሦስት ቀን ውስጥ ከእጇ ወጥቶ ሰውና ቤት ሁሉ ዘመድ ይሆናታል።

ሰርጉ ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። በመጨረሻ እኩለ ሌሊት ገደማ የልጅነት አክሊሏን ከራሷ ያወርዱና የባለ ትዳር ሴት ሻሽ ያስሩላታል። ኢስቶኒያውያን ያገባች ሴት የምታደርገውን ቆብ ታኑ ይሉታል፤ ላትቪያውያን ሥርዓቱን ሚቾሻና ይሉታል። ለሕዝቡ ጋብቻው የጸናው በዚያች ሰዓት ነው። ቄሱ ደግሞ የጸናው በቤተ ክርስቲያን ነው ይላል። ጠቡ ከዚህ ይጀምራል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይባርክ አብረው ያደሩ ጥንዶች ጉዳይ የዚያ ዘመን ቄሶች የዘወትር ራስ ምታት ነው።

የመሬቱ ጌታ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው። በቢራ መልክ የሚፈስሰው ገብስ ቢኖር ግብር ይከፈልበት ነበር፤ ጸደይ ሲመጣም ገባሩ ዘር አበድረኝ ብሎ ከጌታው ደጅ ይቆማል። ሦስት ቀን የሚጠጣ ሰው ሦስት ቀን እርሻ አይወጣም። ብዙ ገባር በአንድ ቤት ተሰብስቦ ሲያመሽ ምን እንደሚነጋገር አይታወቅም። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ይገቡኛል። የማይገባኝ፣ ወይም በጣም የሚገባኝ፣ ቀጣዩ ነው። የገጠሩ መሸታ ቤት የጌታው ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሩሲያ ገበያ ለባልቲክ አረቄ ሲከፈት ማስጠመቂያና ማውጫ ቤት የየርስቱ ዋና ገቢ ሆነ። እንግዲህ ገባሩ በቤቱ ጠምቆ ሲደግስ ብክነት ነው፤ ከጌታው መሸታ ቤት በዱቤ ሲጠጣ ገቢ ነው። ስለ ቁጠባ ከሚሰብከው ሰው ኪስ ውስጥ የመሸታ ቤቱን ቁልፍ ስታገኙ ስብከቱን እንደገና ማንበብ ትጀምራላችሁ።

በእርግጥ ረሀቡ ተረት አልነበረም። ከ1695 እስከ 1697 ዝናብና ውርጭ አዝመራውን አጥፍቶ በኢስቶኒያ ወደ 70,000 ሰው አልቋል፤ ከአምስት ሰው አንድ ማለት ነው። ከዚያ ጦርነት፣ በ1710 ደግሞ ቸነፈር። ከቸነፈሩ በኋላ ሬቫል ውስጥ የቀረው ሰው ወደ 2,000 ነበር። በዚህ መካከል ገብስ ለቢራ አይዋል የሚል ሰው ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ግን በዚያው በ1710 ምን ሆነ መሰላችሁ? የኩርላንዱ መስፍን ፍሬድሪክ ዊልሄልም የታላቁ ጴጥሮስን የወንድም ልጅ አናን በሴንት ፒተርስበርግ አገባ። የመስፍኑ አገር በቸነፈር እያለቀ ነው። ሰርጉ በመድፍ ተኩስና በመጠጥ ቀናት ፈጀ። ጥር 1711 ላይ ወደ አገሩ ሲመለስ ሙሽራው ገና ከፒተርስበርግ ሳይርቅ በመንገድ ላይ ሞተ፤ ጤናውን የጎዳው የዚያ ሰሞን መጠጥ ነው ይባላል። አናም በመበለትነት ኩርላንድ ገባች፤ በ1730 የሩሲያ ንግሥተ ነገሥት ሆነች። ያንን ሰርግ በሳህን የቆጠረ አልነበረም።

ወደ ገባሩ ሰርግ ልመለስና ስለ ዘፈኑ ላውራ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። በላትቪያ ሰርግ የሙሽራው ወገንና የሙሽሪት ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠው በግጥም ይሰዳደባሉ። አፕድዚየዳሻናስ ይሉታል። ሆዳሞች፣ ሰነፎች፣ ጓንቱ የተቀደደ፣ ፈረሱ የከሳ ይባባላሉ፤ የተሰደበው በዚያው ዜማ ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ተሸነፈ። ሌሊቱ ሲገፋ ግጥሙ ከወገብ በታች ይወርዳል። በሙሽሪት ደጅ ላይ ተከልክሎ በግጥም ያልተሞለጨ ሚዜ በመካከላችን ስለማይኖር ሥዕሉ እንደማይጠፋችሁ አውቃለሁ።

በኩርላንድ የአብያተ ክርስቲያናት የበላይ የነበረ ፓውል አይንሆርን የተባለ ቄስ ይህን ሰምቷል። በ1649 ባሳተመው የላትቪያውያን ታሪክ ላይ ስለ ሰርጋቸው ሲጽፍ፣ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚዘፍኑት ዘፈን ሰይጣን ራሱ ከዚህ የባሰ አስነዋሪ ሊያወጣ አይችልም አለ። የዚህ ሰው ሥራ የሕዝቡን አረማዊ ልማድ መንቀል ነበር፤ ለመንቀል ደግሞ መመዝገብ ነበረበት። ዛሬ የላትቪያ ጥንታዊ እምነትና ወግ የሚያጠና ሰው ሁሉ የአይንሆርንን መጻሕፍት ሳይገልጥ አያልፍም። ጠላታቸው ነበር፤ መዝገብ ጠባቂያቸው ሆነ። ሩሶን አስታወሳችሁ?

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የጆሮው ዓይነት ተለወጠ። ከ1764 እስከ 1769 በሪጋ የካቴድራሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማረ አንድ ወጣት ነበር፤ ዮሃን ጎትፍሪድ ሄርደር። ኋላ ጀርመን አገር ሆኖ የየሕዝቡን ዘፈን ማሰባሰብ ሲጀምር፣ በኢስቶኒያ ገጠር ፑልትሳማ ላይ ከሚያገለግለው ከአውጉስት ሁፔል ዘፈን ጠየቀ። ሁፔል ቄስ ነው፤ የገባሩን ኑሮ፣ ሰርጉን ጭምር፣ በሰፊው የጻፈ ሰው። እሱ የላከለት የኢስቶኒያ ዘፈኖች ሄርደር በ1778ና በ1779 ባሳተመው ስብስብ ውስጥ ወጡ። የሰርግ ዘፈን አለበት፤ ስለ ጌቶች ጭካኔ የሚያለቅስ የገባር እንጉርጉሮም አለበት። ሁለቱ ጎን ለጎን መውጣታቸው አይገርመኝም፤ የዘፈናቸው ያው አፍ ነው።

የሰርግ ደንቦቹ ራሳቸው እንዴት ሞቱ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ማንም አልገደላቸውም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መንግሥታት ከሳህን ቆጠራ ይልቅ ቀረጥ እንደሚያዋጣ ደረሱበት፤ የሰው ደረጃም ከልብሱና ከድግሱ ይልቅ ከወረቀቱ መታወቅ ጀመረ። ደንቦቹ ወደ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ወጡ። እዚያ የታሪክ ሰዎች አገኟቸው፤ ስለ ሳህኑ፣ ስለ ሙዚቀኛው፣ ተጠቅልሎ ስለሚወጣው ምግብ የነገርኋችሁ ሁሉ የመጣው ከዚያ መደርደሪያ ነው።

የዘፈኑ መደርደሪያ ግን ሌላ ነው። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የሚባል ላትቪያዊ በሞስኮ ሲኖር በ1880 አንድ ቁም ሣጥን አሠራ፤ ሙሉው መሳቢያ ነው። ከየመንደሩ በቁራጭ ወረቀት የሚላክለትን አራት አራት መስመር ግጥም በየዓይነቱ እየለየ በመሳቢያዎቹ ከተተ፦ የልደት፣ የእረኝነት፣ የሰርግ፣ የሞት። ከ1894 እስከ 1915 በተከታታይ አሳተመው፤ 217,996 ግጥም። ከዚያ ውስጥ የሰርጉ ድርሻ እጅግ ብዙ ነው፤ መሰዳደቡ፣ የአክሊሉ መውረድ፣ ጓንቱ ለጉድጓዱ ሲቀመጥ፣ እናት ስታለቅስ። ቁም ሣጥኑ ከ2014 ጀምሮ በሪጋ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሄዶ የማየት ዕድል የገጠማችሁ እዩት። አይንሆርን ሰይጣንን ምስክር የጠራበት ዓይነት ግጥምም አልተጣለም። ለብቻው ተለይቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከእናት ልቅሶ ጋር በአንድ ሥራ ውስጥ ታትሟል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እንነጋገር።